ሕዋ ላይ ክብደት ከሌለ ሳተላይት ጠንካራ ፍሬም ለምን ያስፈልጋታል?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ አዳማ ካለች የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነው። እንዲህ ትላለች፦ «ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን የኪዩብሳት (የኪዩብ ቅርጽ ያላት ትንሽ ሳተላይት) ፍሬም እየነደፍን ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ‹ሕዋ ላይ ክብደት የለም፤ ቀጭን ላሜራ ወይም በስሪዲ ፕሪንተር የተሠራ ፕላስቲክ ይበቃል› ይላል። እኔ ደግሞ ወፍራም ብረት ይሁን እላለሁ። ማን ነው ልክ? የሕዋው ሁኔታስ የሳተላይትን አካል ዲዛይን እንዴት ነው የሚቀይረው?»

እህቴ፣ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። ግን ሁለታችሁም የምታስቡት ስለ ጉልበት ብቻ ነው። ምድር ላይ ስንሠራ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ይችለዋል ወይ?» ብለን ነው። ድልድይም ይሁን የአልጋ እግር፣ ጥያቄው ያው ነው። ሳተላይት ላይ ግን የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ ቁስ አየር በሌለበት ቦታ፣ በቀን 15 ጊዜ እየሞቀና እየቀዘቀዘ ሲኖር ምን ይሆናል? እኔ ከፍሬም ዲዛይን የተማርኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ፍሬሙን የሚወስነው ከጥንካሬው ይልቅ ጠባዩ ነው።

መጀመሪያ የመንገዱን ጉዳይ እንጨርስ። ለሳተላይት ከባዱ ጉልበት የሚመጣው ሕዋ ላይ ሳይሆን ወደዚያ ስትወጣ ነው። እንደ ሮኬቱ ዓይነት ከ5 እስከ 10 እጥፍ የራሷን ክብደት ትሸከማለች። የእናንተ ኪዩብሳት 10 በ10 በ10 ሴንቲሜትር ናት እንበል፤ አሁን ባለው ደንብ እስከ 2 ኪሎ መመዘን ትችላለች። በ10 ስናባዛው 20 ኪሎ ይሆናል። አንድ ጄሪካን ውሃ ማለት ነው። አራት የአሉሚኒየም ቋሚዎች አንድ ጄሪካን ውሃ መሸከም አያቅታቸውም። ስለዚህ «ይችለዋል ወይ» የሚለው ስሌት በእናንተ መጠን ቶሎ ያልቃል። ወፍራም ብረት የሚለው ሐሳብሽ የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው።

የሚያስቸግረው ንዝረቱ ነው። መንገድ ዳር ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ ባጃጅ እዪ። የጎን መስታወቱ ፊትሽን እስከማያሳይሽ ድረስ ይንቀጠቀጣል። ሹፌሩ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ጸጥ ይላል። መስታወቱ የራሱ የንዝረት ፍሪኩዌንሲ አለው፤ ሞተሩ በዚያ ፍጥነት ሲመታው አብሮ ይነሳል። ሮኬት ደግሞ አንድ ፍጥነት መርጦ አይመታም። ከ20 እስከ 2000 ኸርዝ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚነቀንቀው። የናሳ ጎዳርድ ማዕከል መመሪያ ከ22.7 ኪሎ በታች ለሆነ ዕቃ አጠቃላይ የንዝረት ልኩን 14.1 ጂ (የምድር ስበት 14.1 እጥፍ) ያደርገዋል፤ ይህም በየአቅጣጫው ለ2 ደቂቃ ነው። ፍሬምሽ አጭርና ግትር ስለሆነ አይሰበርም። መሐል ላይ የተወጠረው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ግን እንደ ከበሮ ቆዳ ይመታል። ስለዚህ የፍሬሙ ዋና ሥራ ካርዶቹን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው።

ብሎኖቹንም አትርሺ። የመጀመሪያ የንዝረት ሙከራዬ ላይ ዕቃውን ከማሽኑ አውርደን ጆሮዬ አጠገብ ቀስ ብዬ ዘንበል ሳደርገው ውስጡ «ኪል» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዲት የ3 ሚሊሜትር ብሎን ወድቃ ነበር። ያጠበቅኳት እኔ ነኝ፤ ማጣበቂያ ያልቀባሁባትም እኔ ነኝ። ያች ብሎን ሕዋ ላይ ብትሆን ኖሮ ክብደት ስለሌላት በሣጥኑ ውስጥ እየተንሳፈፈች የሆነ ቀን ሁለት የኤሌክትሪክ መስመሮችን ታገናኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የጠበቀ ብሎን ሁሉ ላይ የቀለም መስመር አሰምራለሁ። ከዞረ ወዲያው ይታያል።

አሁን ወደ አየሩ እንሂድ። ሮኬቱ ሲወጣ በዙሪያው ያለው አየር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። አዲስ አበባ ላይ ጠጥተሽ የከደንሽው ሃይላንድ አዳማ ስትደርሺ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ታገኚዋለሽ አይደል? የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሕዋ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ውስጥ የታሰረው አየር ወደ ውጭ ይገፋል፣ ልዩነቱም ሙሉ ነው። በትልልቅ ሳተላይቶች ላይ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የአሉሚኒየም ገጽ ይሠራል፤ ቀላልና ግትር ስለሆነ በጣም ይወደዳል። ታዲያ የየቀዳዳው ግድግዳ ጥቃቅን መተንፈሻ ይበሳለታል። ካልተበሳ ውስጡ የቀረው አየር የላዩን ቆዳ ሊያላቅቀው ይችላል። እናንተም ጋ የተዘጋ ክፍተት አይኑር። ከብሎን ጫፍ በታች ተዘግቶ የሚቀረው ቀዳዳ እንኳ መውጫ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ቁሶች ይተናሉ። መኪና አዳማ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል የፊት መስታወቱን ከውስጥ በኩል በነጭ ጨርቅ ጥረጊው። ቅባት የመሰለ ስስ ጭጋግ ይወጣል። አቧራ ብቻ አይደለም። ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ የተነነ ነገር ነው፤ ሄዶ መስታወቱ ላይ አረፈ። ባዶ ሕዋ ላይ ይሄ ነገር ይብሳል፤ የሚያርፈውም ቀዝቃዛ በሆነው ቦታ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ያ ቀዝቃዛ ቦታ የካሜራው ሌንስ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ቫክዩም ቻምበር (አየሩ ተመጥጦ የሚወጣበት የሙከራ ሣጥን) ውስጥ አንዲት ተራ የኤሌክትሪክ ቴፕ ሽቦ ላይ ረስቼ ትቼ ነበር። ሲከፈት መመልከቻው መስታወት ወተት የነካው ይመስል ነበር። ለማጽዳት ሁለት ቀን ፈጀብን።

ለዚህ የታወቀ መለኪያ አለ። ቁሱ በ125 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ24 ሰዓት ቫክዩም ውስጥ ይቀመጣል። ከክብደቱ ከ1 በመቶ በላይ ማጣት የለበትም። ከወጣው ውስጥ ደግሞ ቀዝቃዛው ሳህን ላይ ተሰብስቦ የሚቀረው ከቁሱ የመጀመሪያ ክብደት ከ0.1 በመቶ መብለጥ የለበትም። ማጣበቂያ፣ ቀለም፣ የሽቦ ልባስ፣ ሁሉም በዚህ ያልፋል። ለብሎኖችሽ የምትቀቢው ማጣበቂያ ጭምር።

ብረትም ቢሆን አይታመንም። ከሱቅ የምትገዢው የሚያብረቀርቅ ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክና ካድሚየም ቫክዩም ውስጥ ትንሽ ሲሞቁ ይተናሉ፤ ከዚያ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን ሆነው ያርፋሉ። ስለዚህ ከመርካቶም መጣ ከአዳማ ሱቅ፣ ዚንክ ያለበት ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ወደ ሥራ ጠረጴዛችሁ አይግባ። ለሙከራ ሞዴል እንኳ አትጠቀሙበት፤ ተደባልቆ ይገኛል። ተራ ግራሶም እንዲሁ ነው፤ ይተናል፣ ይደርቃል። የሚሽከረከር ነገር ካለ እንደ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ያለ ደረቅ ቅባት ነው የሚያዋጣው።

ደግሞ የመያያዝ ነገር አለ። ምድር ላይ ሁለት ብረት ሲነካካ መሐላቸው ስስ ኦክሳይድና አየር አለ። ሕዋ ላይ ያ ኦክሳይድ በመፋተግ ከተላጠ መልሶ የሚሠራው አየር የለም። ንጹሕ ብረት ንጹሕ ብረትን ሲያገኝ ደግሞ ያለ እሳት ይበየዳል። የኪዩብሳት ደንብ አራቱ ቋሚዎች ጠንካራ አኖዳይዝ እንዲደረጉ (በኤሌክትሪክ ወፍራም የኦክሳይድ ልባስ እንዲወጣላቸው) የሚያዝዘው ለዚህ ነው፤ ከማስወንጨፊያው ሣጥን ጋር ተጣብቃ እንዳትቀር። ግን ተጠንቀቂ፤ አኖዳይዝ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ፍሬሙን በሙሉ አኖዳይዝ ካደረግሽው ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው በኤሌክትሪክ ይቆራረጣሉ፤ ሕዋ ላይ ባሉ ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች እየተመቱ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቻርጅ ይሆናሉ፣ ከዚያ ብልጭታ ይመጣል። ስለዚህ ቋሚዎቹን አኖዳይዝ፣ የውስጥ መጋጠሚያዎቹን ደግሞ ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍ የኬሚካል ልባስ።

ስለ ጋሊልዮ መንኮራኩር ላንሳልሽ፤ ይህን ታሪክ ለተማሪ ሁሉ እናገራለሁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1989 ወደ ጁፒተር ተወነጨፈች። ትልቁ አንቴናዋ 4.8 ሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ነበር። በሚያዝያ 1991 ሲታዘዝ ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም። ጥቂት ዘንጎች ከመሐሉ ግንድ ጋር ተይዘው ቀሩ። መርማሪዎቹ የደረሱበት የሚከተለው ነው። መንኮራኩሯ ከካሊፎርኒያ ፍሎሪዳ በጭነት መኪና ስትመላለስ በመንገዱ ንዝረት ደረቅ ቅባቱ ከመያዣ ፒኖቹ ላይ ተፋቀ። ብረቱ ተራቁቶ ተገናኘ፤ ሕዋ ላይ ሲደርስም አልላቀቅ አለ። በሰከንድ 134,000 ቢት ትልካለች የተባለችው መንኮራኩር በትንሿ አንቴና፣ ሶፍትዌሯ ተሻሽሎም፣ ከ160 ቢት ያለፈ መላክ አልቻለችም። የጅቡቲ መንገድ መሐላችን ነው የሚያልፈው፤ ጭነት መኪና ዕቃን እንዴት እንደሚያንገጫግጭ አዳማ ላለ ሰው አይነገረውም። ፕሮጀክታችሁን ለሙከራ ወደ ሌላ ከተማ ስትወስዱ ስፖንጅ ውስጥ አድርጉት። የመንገዱም ንዝረት በዲዛይን ስሌት ውስጥ ይግባ።

ከሁሉም በላይ ጊዜሽን ስጪው የምልሽ ግን ሙቀቱን ነው።

አመሻሽ ላይ ቤት ቁጭ ብለሽ ቆርቆሮው «ጣ… ጣ…» ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ። ማንም አልነካውም። ፀሐይዋ ስትወርድ ቆርቆሮው ይኮማተራል፣ ሚስማሩ ግን ይዞታል። ይጎትታል፣ ይጎትታል፣ ከዚያ በአንዴ ሸርተት ይላል። ድምፁ ያ ነው። ቤታችን በቀን አንድ ጊዜ ነው እንደዚህ የሚሆነው። 600 ኪሎሜትር ላይ ያለች ሳተላይት ግን ምድርን በ97 ደቂቃ ገደማ ትዞራለች። በእያንዳንዱ ዙር ፀሐይ ታያለች፣ ከዚያ የምድር ጥላ ውስጥ ትገባለች። በዓመት ከ5000 ጊዜ በላይ ነው። ከውጭ የተጋለጠ ስስ አካል ከ100 ዲግሪ በላይ ሊወጣና ከዜሮ በታች 100 ሊደርስ ይችላል።

ሃብል ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ስትላክ ይኸው ቆርቆሮ ነው የገጠማት። ከብርሃን ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ብርሃን ባለፈች ቁጥር የፀሐይ ፓነሎቿን የያዙት ዘንጎች በሙቀት ልዩነት እየታጠፉ ቴሌስኮፑን ያንቀጠቅጡት ነበር። ፓነሎቹ በታኅሣሥ 1993 ጠፈርተኞች ሄደው ቀየሯቸው። ማንም አልሰበራቸውም፤ ጥንካሬያቸውም አላነሰም። ቅርጻቸው ነው ያልጸናው።

ቁጥሩን እዪው። አንድ ሜትር አሉሚኒየም በ100 ዲግሪ ሲሞቅ በ2.3 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ቲታኒየም ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው። ኢንቫር የሚባለው የብረትና የኒኬል ቅይጥ 0.1 አካባቢ ነው። ካርቦን ፋይበር በደንብ ከተደረበ ወደ ዜሮ ይጠጋል። የእናንተ 10 ሴንቲሜትር አሉሚኒየም 0.23 ሚሊሜትር ነው የሚንቀሳቀሰው። ትንሽ ይመስላል። ግን በአንድ በኩል ፀሐይ፣ በሌላ በኩል ጥላ ከሆነ ፍሬሙ ይጎብጣል። ካሜራ የተሸከመ ገጽ ከ600 ኪሎሜትር ላይ በ0.01 ዲግሪ ብቻ ቢዘነብል ምድር ላይ 100 ሜትር ገደማ ይስታል። የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትወነጨፍ 70 ኪሎ ገደማ ነበረች፤ ሥራዋ መሬትን ማየት ነበር። ለእንደዚህ ዓይነቷ ሳተላይት የፍሬም ጥንካሬ ማለት ቅርጽን ሳይቀይሩ መቆየት ነው።

ሌላው፣ ሕዋ ላይ ቬንትሌተር አይሠራም። አየር ስለሌለ ሙቀት የሚወጣው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፦ በብረት ውስጥ ተጉዞ፣ ከዚያም ከገጹ ላይ በጨረር። ስለዚህ ፍሬምሽ የሙቀት ቧንቧም ነው። ሁለት ገጽ በብሎን ሲገናኝ የሚነካካው ጥቂት ቦታ ላይ ነው፤ ምድር ላይ ቀሪውን አየር ይሞላዋል፣ እዚያ ግን ባዶ ነው። የሚሞቀው ካርድ ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ሰፋ፣ ለስለስ አድርጊው፤ ብሎኑንም ከቦታው አታርቂው።

የገጹም ነገር ያስገርማል። የተወለወለ አሉሚኒየም ስለሚያብረቀርቅ የሚቀዘቅዝ ይመስላል። ፀሐይን ትንሽ ነው የሚቀበለው፤ እሱ እውነት ነው። ግን የተቀበለውን መልሶ የሚለቀው ከዚያም ያነሰ ነው። ጀርባው የተሸፈነ የተወለወለ ገጽ ፊት ለፊት ለፀሐይ ቢሰጥ፣ በወረቀት ላይ ሲሰላ ከ200 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ለሕዋ የተሠራ ነጭ ቀለም የተቀባው በዚያው ቦታ ዜሮ አካባቢ ይቆማል። ሆኖም ነጩ ቀለም በአልትራቫዮሌት ጨረር እየጠቆረ ስለሚሄድ፣ ስሌታችሁን በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን በመጨረሻው ዓመት ቀለም ሥሩት።

ወደ ፕላስቲኩ ስንመጣ ደግሞ ኦክስጅን አለ። እዚያ ከፍታ ላይ ያለው የምንተነፍሰው ሳይሆን ለብቻው የተነጠለ አቶም ነው፤ ሳተላይቷ በሰከንድ ከ7 ኪሎሜትር በላይ እየበረረች ትጋጨዋለች። ከካርቦን የተሠራን ነገር ሁሉ እንደ ብል ይበላዋል። ናሳ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1984 ኤልዴፍ የተባለ፣ አውቶቡስ የሚያህል የቁስ መሞከሪያ አስቀምጦ በጥር 1990 አወረደው። በሚበርበት አቅጣጫ በኩል የነበሩት ስስ የፕላስቲክ ሽፋኖች ተበልተው ተገኙ፤ ሰውነቱ ላይም በዓይን የሚታዩ ከ30,000 በላይ የግጭት ጠባሳዎች ተቆጠሩ። አሉሚኒየም ግን በራሱ ኦክሳይድ ተከልሎ ይኖራል። ካርቦን ፋይበርም ሆነ ፕላስቲክ ወደ ውጭ ከተጋለጠ እንደ ሲሊካ ያለ ስስ ልባስ ይፈልጋል።

ስለ ስብርባሪና ስለ ጨረር በአጭሩ ልለፍ። በዝቅተኛው ምሕዋር ላይ ግጭት በአማካይ በሰከንድ 10 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ከጥይት ከ10 ጊዜ በላይ ይፈጥናል። ትልልቆቹ መንኮራኩሮች ፍሬድ ዊፕል በ1940ዎቹ ያሰበውን መከላከያ ይጠቀማሉ፤ ከዋናው ግድግዳ ራቅ ብሎ ስስ ጋሻ ይቆማል፣ ስብርባሪው እሱን ሲመታ ይበተናል። እናንተ በዚህ መጠን ይህን ልታደርጉ አትችሉም፤ ተዉት። ጨረሩን በተመለከተ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ብዙውን ኤሌክትሮን ያቆማል። ከዚያ በላይ ስታወፍሪ ግን ክብደቱ ይጨምራል እንጂ ፈጣኑን ፕሮቶን እምብዛም አያግድም።

እንግዲህ መልሴ ይሄ ነው። ፍሬሙን 6061 ወይም 7075 በሚባሉት የአሉሚኒየም ቅይጦች ሥሩት። በስሪዲ ፕሪንተር የሚታተመው የተለመደው ፒኤልኤ በ60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ቅርጹን ለማየትና ለመገጣጠም ልምምድ ብቻ ይሁን። ጓደኛሽ ስለ ፕላስቲክ ያለውን ሙሉ በሙሉ አትጣዪበት፤ ፒክና አልቴም የሚባሉት ጠንካራ ፕላስቲኮች ለውስጥ መያዣዎች ይሠራሉ፤ ግን ተራው ፕሪንተር አያትማቸውም። ብረትና ቲታኒየም ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ሳተላይቷ ዕድሜዋ ሲያልቅ ወደ ከባቢ አየር ተመልሳ መቃጠል አለባት። አሉሚኒየም በ600 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ቲታኒየም ግን 1668 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሳይቃጠል መሬት ሊደርስ ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ ሳልጠይቅሽ አልለፍ። በጥያቄሽ ላይ የምሕዋሩን ከፍታ አልጻፍሽም፤ ካሜራ እንዳላትም አልገለጽሽም። በ400 እና በ700 ኪሎሜትር መካከል የኦክስጅኑ መጠን እጅግ ይለያያል። ካሜራ ካለ ደግሞ ለሙቀቱ የምንሰጠው ትኩረት ሌላ ነው። ሁለቱን ጻፊልኝ። ከነሱ ጋር እያንዳንዱ ብሎን፣ ማጣበቂያና ሽቦ ከምን እንደተሠራ በአንድ ገጽ ዘርዝሪው። ሥዕሉን ሳይሆን እሱን ነው መጀመሪያ የማየው።